ቴምብሩን ከፖስታው ሳትነቅሉ፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ የድሮ የኢትዮጵያ ቴምብርና ደብዳቤ ለሚሰበስቡ

የድሮ ቴምብር መሰብሰብ የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያነሣው መቀስ ነው። አሮጌ ፖስታ እጁ ሲገባ ማዕዘኑን ቆርጦ ቴምብሩን ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፋል፣ የቀረውን ፖስታ ለከሰል ማቀጣጠያ ያደርገዋል። ከዚህ በላይ የሚያስቆጭ ነገር በዚህ ሥራ ውስጥ የለም። ከ1950ዎቹና ከ60ዎቹ የተረፈ ተራ ቴምብር ለብቻው ሲሆን ዋጋው ኢምንት ነው፤ ሰብሳቢ ባለበት አገር ሁሉ ሞልቷል። ያው ቴምብር ከነፖስታው ሆኖ፣ የሰበታ ወይም የሰንዳፋ ፖስታ ቤት ማኅተም በደንብ ተነብቦ ሲገኝ ግን ፈላጊው ሌላ ነው። ከየት እንደተላከ፣ መቼ እንደተላከ፣ ስንት እንደተከፈለበት፣ በየት በኩል እንደሄደ ይናገራል። ሲቆረጥ ይህ ሁሉ አብሮ ይሄዳል፤ መልሶ የሚቀጥለው የለም።

ስለዚህ ከከተማው ዳር፣ ከአቃቂ እስከ ዱከም፣ ከአለም ገና እስከ ሆለታ፣ ከሱሉልታ እስከ ለገጣፎ ለሚኖር ሰብሳቢ የምንመክረው አንድ ነገር ነው፤ የአካባቢያችሁን ማኅተም ሰብስቡ። የምኒልክን የመጀመሪያ ቴምብሮች ፓሪስ ያለ ሰው ከእናንተ ቀድሞ፣ ከእናንተ በርካሽ ይገዛቸዋል። የአቃቂን የ1960ዎቹ ደብዳቤ ግን ከእናንተ በተሻለ የሚያገኘው የለም።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ የቴምብር ካታሎጎች ሁሉ የሚጽፉት በዚያ ስለሆነ ነው።

ምን ያስፈልጋል

ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ወረንጦ የመጀመሪያው ነው፤ ነገር ግን እሾህ ማውጫው ወረንጦ ጫፉ ስለሚወጋ ወረቀቱን ይበሳል። ጫፉ ጠፍጣፋና ሰፋ ያለ ፈልጉ፤ ከጠፋ ሹል ጫፉን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት እያሻችሁ አለስልሱት። ጣት ላብና ቅባት አለው፤ ዛሬ የማይታይ አሻራ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቡናማ ሆኖ ይወጣል።

10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ያስፈልጋል፤ ወርቅ ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚያደርጉት ዓይነት ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚያጎላው ለጀማሪ አይረዳም፤ የሚያሳየው ቦታ ይጠብና የት እንዳላችሁ ይጠፋባችኋል። ሚሊሜትሩ በግልጽ የሚነበብ ማስመሪያ፣ ለስላሳ እርሳስ፣ ሱቆች ብር የሚፈትሹበት ወይን ጠጅ መብራት ጨምሩበት።

አልበሙ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ለቴምብር የተሠራ፣ ገጾቹ ላይ ስስ ወረቀት በረድፍ የተለጠፈበት አልበም ከተገኘ ጥሩ ነው። ለፎቶ የተሠራው፣ ገጹ ራሱ ሙጫ ያለው አልበም ግን ቴምብር ገዳይ ነው፤ የገባበት በደኅና አይወጣም። ለፖስታዎች ግልጽ የፕላስቲክ ኪስ መጠቀም ይቻላል፤ ሲነኩት ጠንከር ብሎ የሚንኮሻኮሸው ይሻላል። እንደ ዝናብ ልብስ ለስላሳ የሆነውና ሽታው አፍንጫ የሚመታው ማለስለሻ ኬሚካል አለው፤ ከጊዜ በኋላ ያልበዋል፣ ቀለሙንም ይልጠዋል። ስኮችና ኮላ በምንም ምክንያት አይነኩም። የተቀደደ ፖስታ ተቀዶ ይቀመጥ፤ ስኮች ከተለጠፈበት ቢጫ እድፉ ወረቀቱ ውስጥ ይገባል፣ ማስለቀቂያም የለውም።

የት ይገኛል

ዋናው ምንጭ የቤት ለውጥ ነው። በከተማው ዙሪያ ሰው ከጭቃ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም ሲገባ፣ የወላጆች ቤት ሲፈርስ ወይም ሲከፋፈል፣ ሻንጣ ሙሉ ወረቀት ይወጣል። የሚወጣው ደግሞ በአንድ ቀን ነው፤ ማታ ያልደረሰ ጠዋት አመድ ያገኛል። ስለዚህ ሰብሳቢ መሆናችሁን ጎረቤት፣ የእድር ሰው፣ ቀለም ቀቢውና የቤት አፍራሹ ይወቁ። «ወረቀት ሳታቃጥሉ ጥሩኝ» ማለት ከምንም ማስታወቂያ በላይ ይሠራል።

ሁለተኛው ቁራሌው ነው። ቁራሌ ወረቀት የሚገዛውም የሚሸጠውም በኪሎ ነው፤ የሚያስበውም በኪሎ ነው። ቴምብር አለህ ወይ ብላችሁ ከጠየቃችሁት የለም ይላችኋል፣ ወይም በማግስቱ ከየትም የተለቀመ ቴምብር በውድ ይዞ ይመጣል። የሚሻለው የቤት ወረቀት፣ ደብዳቤና ደብተር የተደባለቀበትን ማዳበሪያ ከረጢት ሳይበተን እንዲያሳያችሁና በኪሎ ከሚሸጥበት ጥቂት ጨምራችሁ እንድትገዙ መስማማት ነው። ከረጢቱ ከመበተኑ በፊት ማየት የሚጠቅመው የአንድ ቤት ደብዳቤዎች አብረው ስለሚገኙ ነው፤ ለአንድ ሰው በተከታታይ የተጻፉ አሥር ፖስታዎች ከየቦታው ከተለቀሙ ሃምሳ ይበልጣሉ።

ሦስተኛው ጡረተኞች ናቸው። ባቡር ላይ የሠሩ፣ መምህራን፣ የፋብሪካ ጸሐፊዎች፣ ውጭ አገር የብዕር ጓደኛ የነበራቸው። እዚህ ላይ አንድ ወግ አለ፤ የያዙት ነገር ዋጋ እንዳለው ካያችሁ ንገሯቸው። አዛውንቷን «ምንም አያወጣም እማማ» ብሎ ሻንጣ መውሰድ ሌብነት ነው፣ ደግሞም ሰፈር ውስጥ ወሬ ይሮጣል፤ ሁለተኛ በር አይከፈትላችሁም።

ቸርችል ጎዳና ያሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆችም የድሮ ቴምብርና ሳንቲም ይሸጣሉ። ዋጋቸው ለቱሪስት የተቆረጠ ስለሆነ ለመግዛት ሳይሆን ለማየት ግቡ። ከዚያ ይልቅ እዚያው ዋናው ፖስታ ቤት ግቢ ያለውን የፖስታ ሙዚየም ከመግዛታችሁ በፊት ማየት ይጠቅማል፤ ትክክለኛውን በዓይኑ ያየ ሰው ሐሰተኛውን ለመለየት አይቸገርም።

የማይነኩ ወረቀቶችም አሉ። በከተማው ዳር የመሬት ጉዳይ ሁልጊዜ ሕያው ነው። የድሮ የግብር ደረሰኝ፣ የቤት ሽያጭ ውል፣ የርስት ወረቀት ላይ የተለጠፈው የቴምብር ቀረጥ ምንም ያህል ቢያምር አይነቀልም፣ አይገዛምም። ያ ወረቀት ነገ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ከገዛችሁት ከረጢት ውስጥ ከወጣ ለባለቤቱ መልሱ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ከሆነ ደግሞ ከረጢቱን ጭራሽ አትግዙት።

ፖስታውን ማንበብ

አንድ የተለመደ የ1960ዎቹ ፖስታ ፊታችሁ አስቀምጡ። በስተቀኝ ላይ ቴምብሩ፣ በላዩ ክብ ማኅተም አለ። ማኅተሙን በአጉሊ መነጽር ከግራ ወደ ቀኝ ዙሩት፤ የከተማው ስም በአማርኛና በላቲን ፊደል ተጽፎ ታገኛላችሁ፣ መካከሉ ላይ ቀን አለ። ከጦርነቱ በፊት የላቲኑ ጽሑፍ ፈረንሳይኛ ነው፤ ከነጻነት በኋላ እንግሊዝኛው ቦታውን እየያዘ መጣ። በጣሊያን ጊዜ የተመታ ከሆነ የከተማው ስም በጣሊያንኛ አጻጻፍ ነው።

የከተማ ስም ላይ ጀማሪ ይሳሳታል። ደብረ ዘይት የሚል ማኅተም ያለው ፖስታ የቢሾፍቱ ነው፤ ናዝሬት አዳማ፣ ሀገረ ሕይወት አምቦ፣ ገነት ደግሞ ሆለታ ናት። የአካባቢያችሁን ስብስብ ስትደረድሩ የአንዱን ከተማ የተለያዩ ስሞች ጎን ለጎን አድርጓቸው፤ የስም ለውጡ ራሱ ማኅተሙ የተመታበትን ዘመን ያጠብባል።

ቀኑ ከቴምብሩ ጋር አልገጥም ካላችሁ ሐሰት ነው ብላችሁ አትጣሉት፤ መጀመሪያ 7 ወይም 8 ዓመት ደምሩበት። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተቆጥሮ ሊሆን ይችላል። ከተደመረም በኋላ ቴምብሩ ከመታተሙ በፊት የተመታ ሆኖ ከተገኘ ያን ጊዜ ጠርጥሩ።

አሁን ፖስታውን ገልብጡት። ብዙ ሰው ጀርባውን አያየውም። ሪኮማንዴ የሚባለው የአደራ ደብዳቤ ከሆነ ፊት ለፊቱ ቁጥር ያለው ምልክት ተለጥፎበታል፣ ጀርባው ላይ ደግሞ ያለፈባቸውና የደረሰበት ፖስታ ቤት ማኅተሞች ይኖራሉ። የትንሽ ከተማ ማኅተም ፊት ለፊት ደብዝዞ ጀርባ ላይ ጥርት ብሎ መገኘቱ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። አድራሻው የመንገድ ስም ሳይሆን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ አጭር ከሆነ የድሮ ድርጅት ወይም የቆየ ቤተሰብ ሣጥን ሊሆን ይችላል። ውስጡ ደብዳቤ ካለ አብሮ ይቀመጥ፤ ነገር ግን የሰው ምሥጢር ነው፣ ፎቶ አንስታችሁ አትበትኑት።

በባቡር መስመሩ ላይ ያላችሁ ሰዎች የተሻለ ዕድል አላችሁ። የጅቡቲው መስመር አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፤ አቃቂ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱና ሞጆ ጣቢያዎች ነበሩ። በሰሜን በኩል ያላችሁ ደግሞ እንጦጦን አስቡ፤ የምኒልክ ዘመን የመጀመሪያዎቹ ማኅተሞች ላይ ከሐረር ጋር የሚነበበው ስም እርሱ ነው። እውነተኛው የእንጦጦ ማኅተም ከሰው ሣጥን የሚወጣ አይምሰላችሁ፤ ከቀረበላችሁ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሐሰተኛ ነው ወይ?» የሚለው ይሁን።

በገንዘቡ ስም ዘመኑን መለየት

ማኅተሙ ካልተነበበ ቴምብሩ ላይ የተጻፈው የገንዘብ ስም ይረዳል። በ1894፣ ማለትም በ1886 ዓ.ም.፣ የፖስታ አገልግሎት ሲጀመር ሒሳቡ በግርሽ ነበር፤ 16 ግርሽ 1 ብር ማርያ ቴሬዛ ነው። በ1905 ሳንቲምና ፍራንክ መጣ፤ 100 ሳንቲም 1 ፍራንክ። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል በሆነችበት በ1908 ወደ ፒያስተርና ታለር ተለወጠ። ከ1928 ጀምሮ መሐለቅ ይታያል፤ 16 መሐለቅ 1 ታለር። በ1936 መቶ ሳንቲም 1 ታለር ሆነ፣ ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያ ዶላር መጣ፣ ከ1976 ወዲህ ያለው ደግሞ ብር ይላል። መሐለቅ የሚል ቴምብር በ1950 ማኅተም ተመትቶ ከቀረበላችሁ ጨዋታ አለበት።

ከ1908 በፊት ወደ ውጭ የተላከ ደብዳቤ ላይ የኢትዮጵያ ቴምብር ብቻውን አይበቃም ነበር፤ ቴምብሩ የሚሠራው እስከ ድንበር ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው በጅቡቲ በኩል በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብር ተከፍሎ ይሄዳል። የሁለቱ አገር ቴምብር በአንድ ፖስታ ላይ የተገኘበት ደብዳቤ ውድ የሆነው ለዚህ ነው፣ በጣም የሚጭበረበረውም ለዚህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮችና ወጥመዳቸው

በ1894 የወጡት ሰባት ናቸው። ሩብ፣ ግማሽ፣ 1 እና 2 ግርሹ የምኒልክን ምስል ይዘዋል፤ 4፣ 8 እና 16 ግርሹ የይሁዳ አንበሳን። የቀረጻቸው ፈረንሳዊው ኡዤን ሙሾን ነው፣ የታተሙት ፓሪስ ነው። የፖስታ ቤት ማኅተም ያልተመታባቸው ቴምብሮች ለሰብሳቢ ተብለው አውሮፓ ውስጥ ብዙ ስለተሸጡ የዛሬ ዋጋቸው ስማቸውን ያህል አይደለም። «የምኒልክ ቴምብር ነው» ተብሎ ብዙ ሺህ ብር ሲጠራባችሁ ይህን አስታውሱ። የሚወደደው በእውነት ለደብዳቤ ያገለገለው ነው።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ዓመቶች ለሐሰተኛ ሠሪ ገነት ናቸው። ቴምብሮቹ በላያቸው እየተመታባቸው እንደገና ወጡ፤ በ1901 በፈረንሳይኛ «ኢትዮጵያ»፣ በ1902 «ቦስታ»፣ በ1903 «መልክት»፣ በ1905 የሳንቲም ዋጋ፣ በ1906 የምኒልክ ስም። አብዛኞቹ የተመቱት በእጅ ማኅተም ነው። ርካሹን የ1894 ቴምብር ገዝቶ፣ የጎማ ማኅተም አስቀርጾ «ቦስታ» ብሎ መምታት ለማን ይከብዳል? በ1929 አውሮፕላን ሲገባ በ1928ቶቹ የዘውዲቱና የራስ ተፈሪ ቴምብሮች ላይ የተመታው የአውሮፕላን ምልክትም እንዲሁ ተጭበርብሯል።

እንዲህ ፈትሹ። ተደራቢው ጽሑፍና የፖስታ ቤቱ ማኅተም የሚገናኙበትን ነጥብ በ10 እጥፍ መነጽር ከጎን በሚመጣ ብርሃን እዩት። እውነተኛው ሂደት መጀመሪያ ጽሑፉ፣ ከዚያ ፖስታ ቤቱ ማኅተም ነው። ጽሑፉ በማኅተሙ ላይ ከተኛ ቴምብሩ ካገለገለ በኋላ ነው የተመታበት ማለት ነው። ቀጥሎ ጀርባውን እዩ፤ አዲስ የማኅተም ቀለም ዘይቱ ወደ ጀርባ ሰርጎ ቢጫ ወይም ወይን ጠጅ ጥላ ይሠራል። በመጨረሻ የፊደሉን አቀራረጽ ተመልከቱ። በኮምፒውተር ፊደል የተቀረጸ ማኅተም አማርኛ አንባቢን አያታልልም፤ እዚህ ላይ ከፈረንጁ ሰብሳቢ እንበልጣለን። ይህን ሁሉ አልፎም ቢሆን ውድ ተደራቢ ያለው ቴምብር ያለ ባለሙያ ምስክር ወረቀት አይገዛም።

የ1919ኙ የእንስሳት ቴምብሮች ወጥመዳቸው ሌላ ነው። ዝሆን፣ አውራሪስና ሰጎን ያሉበት፣ ዘውዲቱና ራስ ተፈሪም ያሉበት፣ 15 ቴምብር ያለው ውብ ስብስብ ነው። በየሱቁ የምታዩት አብዛኛው ዳግም ኅትመት ነው። መለያው ጀርባው ላይ ነው። ቴምብሩን በወረንጦ ይዛችሁ ወደ መስኮት አዘንብሉት፤ የመጀመሪያው ኅትመት ሙጫ ነጭና ልስልስ ነው፣ የዳግም ኅትመቱ ሙጫ ቡናማነት አለው፣ አግድም ዘመም ብሎ የተሰነጣጠቀ መስመር ይታይበታል። ሙጫው ከታጠበ ይህ መለያ አብሮ ስለሚጠፋ ይህን ስብስብ አትዘፍዝፉ። መካከሉ ተገልብጦ የታተመ ወይም ጥርስ፣ ማለትም ጠርዙ ላይ ያለው የቀዳዳ ረድፍ፣ የሌለው «ብርቅ» ተብሎ ከመጣም አትደንግጡ፤ ዳግም ኅትመቶቹ ውስጥ እንዲህ ያለው አለ። ለውበቱ ግዙት፣ በዳግም ኅትመት ዋጋ።

የወይን ጠጁ መብራትም ሥራ አለው። ወረቀት የሚያነጣ ኬሚካል በስፋት የገባው ከ1950ዎቹ ወዲህ ነው። የምኒልክ ዘመን ነው የተባለ ፖስታ በመብራቱ ሥር እንደ ታጠበ ነጭ ሸሚዝ ቦግ ካለ ወረቀቱ አዲስ ነው። ካልበራ ግን እውነተኛነቱ ተረጋገጠ ማለት አይደለም፤ የድሮ ወረቀት ላይም ይጭበረበራል።

ጥርስ ለመቁጠር ልዩ መለኪያ ከሌለ ማስመሪያው ይበቃል። የጥርስ ቁጥር ማለት በ2 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያሉ ቀዳዳዎች ብዛት ነው። መጀመሪያ ከላይ ያለው፣ ቀጥሎ ከጎን ያለው ይጻፋል፤ የ1894ቶቹ 14 በ13½ ናቸው። በሁለቱም ጎን ትክክለኛ ቁጥር ያለው፣ በአንዱ ጎን ግን ጥርሱ የሾለና አዲስ የመሰለ ቴምብር ጠርዙ ተከርክሞ እንደገና የተበሳ ሊሆን ይችላል።

መዘፍዘፍ ያለባቸው

ሁሉም አይዘፈዘፍም ማለት ግን አይደለም። ማኅተሙ የማይነበብ፣ ፖስታው የተቆረጠ፣ የአይጥ ጥርስ ያረፈበት ከሆነ ቴምብሩን ማውጣት ይቻላል። በቴምብሩ ዙሪያ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወረቀት ትታችሁ ቁረጡ፤ ጠጋ ብሎ የቆረጠ ጥርስ ይቆርጣል።

ሰፊ ሳህን ውስጥ ለብ ያለ ንጹሕ ውኃ አድርጉ፤ እጅ ከሞቀው ሙቅ ነው። በአንድ ጊዜ ከ15 ወይም ከ20 አይበልጥ። ባለቀለም ፖስታ ላይ ያሉትን፣ በተለይ ቀይና ወይን ጠጅ፣ እንዲሁም በፈሳሽ ቀለም የተጻፈባቸውን ለይታችሁ አንድ በአንድ በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፉ፤ ቀለሙ ከለቀቀ ሳህኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ሐምራዊ ሆኖ ይወጣል። ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተዉት። ሙጫው ሲለቅ ወረቀቱ ራሱ ይንሸራተታል። አልለቅም ካለ መልሱት እንጂ አትጎትቱ፤ እርጥብ ቴምብር በጣም ደካማ ነው፣ ተጎትቶ ጀርባው ከሳሳ ዋጋው ሄደ።

ከወጣ በኋላ በሁለተኛ ሳህን ንጹሕ ውኃ ጀርባውን አለቅልቁት። ሙጫ ከቀረ ሲደርቅ ከመድረቂያው ወረቀት ጋር ይጣበቃል። ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ጽሑፍ በሌለበት ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡ፤ ጋዜጣ አይሆንም፣ ቀለሙን ያስተላልፋል። ሶፍትም አይሆንም፣ ቃጫው ይለጠፋል። ግማሽ ሰዓት ያህል አየር ካገኘ በኋላ በሁለት ነጭ ወረቀት መካከል አድርጋችሁ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበትና እስከ ማግስት ተዉት። ፀሐይ ላይ ማስጣት ያጥፈዋል፣ ያደበዝዘዋልም።

ያልተመታበትን፣ ሙጫው ያለበትን ቴምብር አትዘፍዝፉ። ክረምት አጣብቋቸው ከሆነ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ፈልጉ። ከሥሩ የተጨመቀ እርጥብ ስፖንጅ፣ በላዩ ወንፊት፣ በወንፊቱ ላይ ቴምብሮቹ፤ ስፖንጁ እንዳይነካቸው። በየሰዓቱ እየከፈታችሁ ጥግ ላይ በቀስታ ሞክሯቸው። እርጥበቱ ብቻ ያላቅቃቸዋል፣ ሙጫውም ከሞላ ጎደል ይተርፋል።

ከነጻነት በኋላ የታተሙ አንዳንድ ቴምብሮች ወረቀት ውስጥ ኮከብና የአማርኛ ፊደል እየተደጋገመ የሚታይበት የውኃ ምልክት አለ። ለማየት ቴምብሩን በጥቁር ሸክላ ላይ ፊቱን ወደ ታች አስተኝታችሁ ሁለት ጠብታ የላይተር ቤንዚን ጣሉበት፤ ምልክቱ ለጥቂት ሰከንድ ይወጣል፣ የሳሳ ወይም የተጠገነ ቦታም ጠቆር ብሎ ይታያል። መስኮት ይከፈት፣ ከሰልና ሻማ ይራቅ። ቀለማቸው ወፍራምና የሚያብረቀርቅ አንዳንድ ኅትመቶችን ቤንዚን ስለሚፈታ መጀመሪያ በርካሽ ቅጂ ላይ ሞክሩ።

ክረምትን ማሳለፍ

ሱሉልታና እንጦጦ ግርጌ ያለ ሰው የእርጥበትን ነገር ያውቀዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ቆርቆሮ ጣሪያ ሌሊት ያልባል፣ የውጭ ግድግዳ ይረጥባል። ወረቀት ደስ የሚለው ከ40 እስከ 55 በመቶ እርጥበት ነው፤ ከ65 ካለፈ ሻጋታ ይጀምራል። ሻጋታ መጀመሪያ የሚመጣው ጥቃቅን ቡናማ ነጠብጣብ ሆኖ ነው፤ ያንን ያሳየ ቴምብር ወዲያው ከሌሎቹ ይለይ።

ስብስቡን ከአልጋ ሥርና ከውጭ ግድግዳ አርቁት። የውስጥ ግድግዳ ላይ ያለ ቁም ሣጥን፣ ደረት ከፍታ ላይ ያለው መደርደሪያ ይሻላል፤ ከጀርባው አንድ መዳፍ ያህል አየር ይኑረው። አልበሞች እንደ መጽሐፍ ይቁሙ እንጂ አይደራረቡ፤ ክብደቱ ከታች ያለውን ሙጫ ያጣብቃል። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ትናንሽ ከረጢቶች አጠራቅማችሁ ጨምሩ፤ ሲጠግቡ አይሠሩም፣ በየሁለት ሳምንቱ ሞቅ ያለ ምጣድ አጠገብ አድርቋቸው። ዝናብ ባቆመ ቀን፣ እኩለ ቀን አካባቢ፣ አልበሙን ገልጣችሁ አየር ስጡት።

ቡና የሚፈላበትና ዕጣን የሚጨስበት ክፍል ውስጥ አታስቀምጡ። ጭሱ ቢጫ ያደርጋል፣ ቁርሱ አይጥና በረሮ ይጠራል። በረሮ ሙጫ ይበላል።

የስቴፕለር ሽቦና ስፒል ካለ በጥንቃቄ አውጡ፤ ዝገቱ ወረቀት ይበላል። ፖስታው ላይ ምንም አትጻፉ። የተገኘበትን ሰፈር፣ ቀኑንና አብረውት የነበሩትን በተለየ ቁራጭ ወረቀት በእርሳስ ጽፋችሁ አብራችሁ ኪሱ ውስጥ አድርጉት። ከዓመታት በኋላ አሥር የአቃቂ ፖስታ ሲጠራቀም የትኛው ከየትኛው ቤት እንደወጣ የሚያስታውስ የለም።

መለዋወጥና መሸጥ

የካታሎግ ዋጋ የገበያ ዋጋ አይደለም። ስኮት፣ ሚሸል ወይም ስታንሊ ጊበንስ የሚባሉት ካታሎጎች የሚጽፉት ንጹሕ ለሆነ ቅጂ ነው፤ ጥርሱ የጎደለ፣ የታጠፈ ወይም ጀርባው የሳሳ ከሆነ ጥቂቱን ክፍል ብቻ ያወጣል። ዋጋ ስትጠሩ ጉድለቱን ራሳችሁ ተናገሩ፤ ገዢው በኋላ ቢያገኘው አይመለስም።

ለመለዋወጥ የሚሻለው በየአንዳንዱ ከተማ ሁለት ጥሩ ቅጂ ይዞ ሦስተኛውን መስጠት ነው። እናንተ የዱከም ሦስት ካላችሁ ሆለታ ያለው የእርሱን ሦስት ይዟል። ለኳስ ወዳጆች ጥሩ መለዋወጫ የሚሆነው በጥር 1954 ዓ.ም. ለ3ኛው የአፍሪካ ዋንጫ የወጣው የቴምብር ስብስብ ነው፤ ብርቅ አይደለም፣ ግን ዋንጫው እዚሁ አዲስ አበባ የቀረበት ስለሆነ ሁሉም ይፈልገዋል።

በፖስታ ስትልኩ ቴምብሮቹን በሁለት ጠንካራ ካርቶን መካከል አድርጉ፣ ካርቶኑ ከቴምብሩ በየጎኑ ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ይብለጥ፣ ፖስታው በሪኮማንዴ ይሂድ፣ ደረሰኙንም መድረሱን እስክትሰሙ አትጣሉ። ወደ ውጭ አገር የቆየ ነገር ከመላካችሁ ወይም በሻንጣ ከመያዛችሁ በፊት ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቁ፤ ኤርፖርት ላይ ከመከራከር ይሻላል። ስትጠይቁ የዕቃዎቹን ዝርዝርና ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ፤ ፎቶው ያለ ፍላሽ፣ ጥላ ውስጥ፣ ፊቱም ጀርባውም፣ ከጎኑ ማስመሪያ ተቀምጦ ይነሣ።